መሬት የሌላቸው ባሮኖች

በስኮትላንድ ባሮን ለመሆን የዘር ሐረግ መቁጠርም ሆነ ንጉሥ ፊት ቀርቦ መሾም አያስፈልግም። ገንዘብ ይበቃል። ሻጭና ገዢ በጠበቆቻቸው በኩል ይዋዋላሉ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ይከፈላል፣ ትናንት ተራ አቶ የነበረው ሰው ዛሬ የእንትን ግዛት ባሮን ይባላል። ሕገወጥ ነገር የለበትም። ጥያቄው ሰውየው በዚያ ሁሉ ገንዘብ ምን ገዛ የሚለው ነው።

በጥንቱ ሥርዓት መልሱ ግልጽ ነበር። ባሮንነቱ የመሬቱ እንጂ የሰውየው አልነበረም። ንጉሡ አንድን ግዛት በባሮንነት ሲሰጥ የዳኝነት ሥልጣንም አብሮ ይሰጥ ነበር፤ የእኛ አንባቢ ጉልትን ቢያስብ ብዙም አይስትም። ባሮኑ የራሱ ችሎት ነበረው። በቻርተሩ ላይ “ጉድጓድና መስቀያ” የሚል ሐረግ የሰፈረለት ባሮን በሞት እስከ መቅጣት ይደርሳል፤ ወንዱ ይሰቀላል፣ ሴቷ ውኃ በሞላ ጉድጓድ ትሰጥማለች። ግዛቱ ሲሸጥ ይህ ሁሉ ለገዢው ያልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1746 የስቱዋርት ንጉሣዊ ቤት ደጋፊዎች በኩሎደን ጦርነት ሲሸነፉ፣ የለንደን መንግሥት የስኮትላንድ ባላባቶችን ጉልበት ለመስበር በውርስ የሚተላለፈውን ዳኝነት በሕግ ሻረ። ለባሮኖቹ የቀረላቸው የጥቃቅን ዕዳና የመንደር ጠብ ጉዳይ ነው።

ፒሬጅ የሚባለው የመኳንንት ማዕረግ ከዚህ ጋር አይገናኝም። ዱክ፣ ማርኪስ፣ ኧርል፣ ቫይካውንት እያለ ይወርድና በስኮትላንድ “የፓርላማ ሎርድ” ላይ ያበቃል። እንግሊዞች ይህን የመጨረሻ እርከን ባሮን ስለሚሉት ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ፒሬጅን ዘውዱ ለሰው ይሰጣል፤ አይሸጥም፣ የሚወረሰውም በደም ብቻ ይወርዳል። አሌክ ዳግላስ ሂዩም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። 14ኛው የሂዩም ኧርል የነበሩት እኚህ ሰው በ1963 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ፣ በታችኛው ምክር ቤት ለመቀመጥ ማዕረጋቸውን መተው ነበረባቸው። በዚያው ዓመት የወጣ ሕግ ፈቀደላቸውና ተዉት። ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ግን አይችሉም ነበር። በ1995 ሲሞቱ ልጃቸው 15ኛው ኧርል ሆኑ።

ፒሬጅን መሸጥ እንዲያውም ወንጀል ነው። በጠቅላይ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ ዘመን ማዕረግ ለፓርቲ ካዝና ሲቸበቸብ ከቆየ በኋላ በ1925 ከልካይ ሕግ ወጣ። ደላላው ሞንዲ ግሪጎሪ በ1933 በዚሁ ሕግ ሁለት ወር ታሰረ። እስካሁን በሕጉ የተፈረደበት እሱ ብቻ መሆኑ ራሱን የቻለ ወግ ነው፤ ቢሆንም መርሁ አለ።

ባሮንነት ላይ ግን ሕጉ ተቃራኒውን አደረገ። የኤድንብራ ፓርላማ በ2000 የፊውዳል የመሬት ሥሪትን የሚሽር አዋጅ አጸደቀ፤ ኅዳር 28 ቀን 2004 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ሥራ ላይ ዋለ። መሬቱ ከባሮንነቱ ተላቀቀ፣ የቀረው የችሎት ሥልጣንም ተሰረዘ። ማዕረጉ ግን በአንድ አንቀጽ ተረፈ፤ መሬት ሳይኖረው የሚሸጥና የሚወረስ ንብረት ሆኖ ቀጠለ። ምክንያቱ ለትውፊት መቆርቆር ብቻ አይደለም። ማዕረጉ ገበያ ላይ ዋጋ ስለነበረው ጨርሶ ቢሻር ባለቤቶቹ ካሳ ይጠይቃሉ ተብሎ ተፈራ።

ስለዚህ የዛሬው ገዢ መሬት አያገኝም፣ ገባር አያገኝም፣ በሎርዶች ምክር ቤት ወንበር አያገኝም፣ “ሎርድ” ተብሎም አይጠራም። የሚገዛው ስም ነው። ለቱሪስት በካሬ ጫማ ከሚቸረቸረው የመታሰቢያ መሬት የሚለየው ሕግ የሚያውቀው መሆኑ ብቻ ነው፤ ያኛውንማ የስኮትላንድ የመሬት መዝገብ ጭራሽ አይመዘግበውም።

ፊውዳሊዝምን ሽሬያለሁ ያለ ፓርላማ ጌጡን ለገበያ ማስቀረቱ ግማሽ ሥራ ነው። ዛሬ ማዕረጉን የያዙት በሕይወት እስካሉ ይጠሩበት፤ ከዚያ በኋላ መሸጡም መውረሱም ይቁም። የካሳው ስጋት ከ2004 በፊት መሬትና ማዕረግ አንድ ላይ ለገዙት ያስኬድ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ የገዙት ግን ስም ብቻ መሆኑን እያወቁ ነው የከፈሉት፤ ለእነሱ ካሳ የሚከፈልበት ምክንያት የለም።