ማረሻ ለሠራ ሰው «ራስህን ቻል» አይባልም

«እናንተ እርስ በርስ ከተረዳዳችሁ የማንም እጅ አያስፈልጋችሁም።» ይህን የተናገረው ሰሞኑን በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ለሸክላ ሠሪዎች፣ ለቀጥቃጮችና ለሸማኔዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ መድረክ የተሰጠው ሰው ነው። አዳራሹም አጨበጨበለት። ንግግሩ ማንንም አላስቀየመም፣ ከማንም ኪስ ሳንቲም አላስወጣም፣ ከተጋበዙት ባለሥልጣናት አንዱንም «ይህን ፈጽም» አላለም። እኔን ያናደደኝ ይኸው ነው።

የማንም እጅ! ለመሆኑ መንዝ ውስጥ ማን በማን እጅ ሲኖር ነው የኖረው? ገበሬው የገብስ ማሳውን የሚያርስበት ማረሻ ከቀጥቃጩ ወናፍ ፊት የወጣ ነው። ዛሬም ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቆርጦ፣ አግሎና ቀጥቅጦ የሚያወጣለት እሱ ነው። እንጀራው የሚጋገርበት ምጣድ፣ ጠላው የሚጠመቅበት ጋን፣ ቡናው የሚፈላበት ጀበና የሸክላ ሠሪዋ የእጅ ሥራ ነው። አገር ሙሉ በእጃቸው ሲበላና ሲጠጣ የኖረን ሰዎች ሰብስቦ «ከእንግዲህ ራሳችሁን ቻሉ» ማለት ድፍረት ነው። ራሱን ያልቻለው ማን እንደሆነ ክረምት ሊገባ ሲል ማረሻ ለማሳል የሚሰለፈውን ገበሬ መጠየቅ ይበቃል።

አንዲት ሸክላ ሠሪ አንድ ምጣድ ለገበያ እስክታበቃ የምታልፍበትን ተናጋሪው ቢያውቀው ኖሮ እንዲያ ባላለ ነበር። አፈሩን የምትቆፍረው ብዙ ጊዜ ከሌላ ሰው ይዞታ ነው፤ ባለ መሬቱ ከከለከላት ሥራዋ እዚያው ቆመ ማለት ነው። ከተፈቀደላት ቆፍራ በጀርባዋ ታመጣለች፣ ታደርቃለች፣ ትወቅጣለች፣ ትነፋለች፣ የአሮጌ ሸክላ ስባሪ ፈጭታ ትቀላቅልና ታቦካዋለች። ቅርጽ አውጥታ በለስላሳ ድንጋይ ታሸዋለች። ክረምት ላይ የመንዝ ጉም ሲወርድ ዕቃው ለቀናት አልደርቅ ይላል። ለማቃጠያው ኩበትና እንጨት ያስፈልጋል፤ ዛፍ በጠፋበት ደጋ ደግሞ ይህ በገንዘብ የሚገዛ ነው። ከእሳት ሲወጣ የተሰነጠቀው ይጣላል። የተረፈውን በገለባ ሸጉጣ፣ አዝላ ገበያ ትወጣለች።

ገበያው ላይ ገዢዋ ምጣዱን አንስታ በጣቷ አንጓ ኳ ኳ ታደርገዋለች። ስንጥቅ ያለው ድምፁ የታፈነ ነው፤ ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል። ደህና መሆኑን አረጋግጣ ዋጋ ታስቀንሳለች፣ ትከፍላለች፣ ተሸክማው ትሄዳለች። ስትሄድ ግን ያዘለችውን ሕፃን የሸክላ ሠሪዋ ዓይን እንዳያርፍበት በነጠላዋ ትሸፍነዋለች። ልጇንም ለእሷ ልጅ አትድርም። ምጣዱ ቤት ይገባል፣ የምጣዱ ባለቤት ደጅ ትቀራለች።

እንግዲህ ከአፈሩ እስከ ገበያው ካለው ነገር ሁሉ ሌላ ሸክላ ሠሪ ልታቃናላት የምትችለው የቱን ነው? ሸክሙን ታግዛታለች፣ አብራት ታቃጥላለች፣ ስትወልድ ታርሳታለች። ይህን ሁሉ ማንም ሳያሠለጥናቸው እናቶቻቸውና አያቶቻቸው ሲያደርጉት ኖረዋል። አፈሩ ግን የሌላ ሰው ነው። እንጨቱም የሌላ ነው። ገዢዋ ሌላ ናት፣ ነጠላውን የምትጎትተውም እሷው ናት። ጀበና የምትሠራ ሴት ጀበና ከምትሠራ ጎረቤቷ ጀበና አትገዛም። ሻጭ ብቻ የተሰበሰበበት ክብ ገበያ አይሆንም፤ ተናጋሪው ስለ ኢኮኖሚ ነፃነት ሲሰብክ ይህችን ቀላል ነገር እንኳ አላሰበባትም።

መረዳዳትን የምንቀው ሰዎች አይደለንም። ወንፈሉም ደቦውም ዕቁቡም የእኛው ነው። ነገር ግን ወንፈል በሬና ማሳ ላለው ነው፤ ዛሬ ላንተ ያረሰው ነገ ለእሱ እንድታርስለት ነው። ማሳ የሌለው ሰው በምኑ ይገባል? የቡድን ብድሩም ያው ነው። ድሃው መያዣ ስለሌለው እርስ በርሱ ዋስ ይሆናል፤ አብቁተ፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ፣ ለዓመታት በገጠሩ ያበደረው በዚህ መንገድ ነው። አሠራሩ ብዙ ገበሬ ጠቅሟል፣ አልክድም። ዋሱን መራጩ ግን ራሱ ተበዳሪው ነው፤ ባለ እጅ ባለ እጅን ብቻ ዋስ አድርጎ ሲቆም፣ አንድ ክረምት ሸክላው ሳይደርቅ ቢቀር ሁሉም በአንድ ቀን ይወድቃሉ። ገበሬ ጎረቤቱ በዚያ ቡድን ውስጥ ለምን እንደሌለ አዳራሹ ውስጥ የጠየቀ አልነበረም።

በዚያው መድረክ የመንዙ የጓሳ ሣር ምድርም ተጠቀሰ። የመንዝ ሰው ራሱን በራሱ ማስተዳደር እንደሚችል ማስረጃው ጓሳ ነው ተባለ። እውነት ነው፣ ጓሳ የምንኮራበት ነው። ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ ጠባቂ መርጦ፣ ያጠፋውን ቀጥቶ፣ የቤት ክዳንና ገመድ የሚሆነውን ሣር ለልጅ ልጅ ያቆየው የቄሮ ሥርዓት ከመቶዎች ዓመታት በፊት የተጀመረ ነው። ግን ያ መተባበር በምን ላይ ቆሞ ነበር? በመብት ላይ ነው። አቅኚ አባቶች ከሚባሉት ከአስቦና ከጌራ እወለዳለሁ ያለ ሰው ሣር የማጨድ መብት ነበረው፤ መብቱ ስለነበረው ተጠባበቀ፣ ስለተጠባበቀ ሣሩ ቆየ። የዘር ሐረጉን ከእነሱ የማይቆጥር ባለ እጅ በርስቱ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ያንን የርስት ሥርዓት ሲያፈርስ የቄሮው ሥርዓትም አብሮ ተናጋ፤ መብቱ ሲነሳ ትብብሩም ላላ። ጓሳ የሚያስተምረው ይህንን ነው። ለባለ እጁ መብቱን ሳትሰጡ የጓሳን ትብብር ልታሳዩት አትችሉም።

ያው አዋጅ ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር፤ መሬት ያገኙ ባለ እጆችም አሉ። እነዚያን የለወጣቸው እጃቸው የገባው መሬት ነው፣ የማንም ምክር አይደለም።

ቀጥሎ አውራምባ መጣ። አውራምባ ሁልጊዜ ይመጣል። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. ፎገራ ውስጥ የመሠረቱት ማኅበረሰብ በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው፤ ወንዱም ሴቱም ይሸምናል፣ አረጋዊው ይጦራል። ነገር ግን ታሪኩን ሙሉውን ንገሩን። ጎረቤት ጠልቷቸው፣ በደርግ ዘመን ሸሽተው እስከ ቦንጋ ተሰድደው ሲመለሱ የቀራቸው መሬት ከ20 ሄክታር የማይሞላ ነበር። ሽመናውን ያጠነከሩት ለዚህ ነው። የእህል ወፍጯቸው የሚሠራው ደግሞ ያ ሲሸሻቸው የነበረው ጎረቤት እህሉን ጭኖ ስለመጣ ነው። «የማንም እጅ አያስፈልጋችሁም» የሚለው ሰው አውራምባን መጥራት የለበትም።

ከባሕር ማዶም ብንሄድ ያው ነው። አሜሪካ ውስጥ ቱልሳ ከተማ፣ ግሪንዉድ በሚባለው ሰፈር፣ ጥቁሮች እርስ በርስ እየተገበያዩ ሱቅ፣ ሆቴል፣ ሲኒማ ቤትና ሆስፒታል አቁመው ነበር። እንደነሱ ራሱን የቻለ ሕዝብ ማግኘት ይቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1921 ነጮች ከሠላሳ በላይ የሚሆኑ የሰፈሩን ብሎኮች በሁለት ቀን አቃጠሉባቸው፤ ያዳናቸው ሕግ አልነበረም፣ ካሣ የከፈላቸውም አልነበረም። መረዳዳታቸው አልጎደለም፤ የጎደለው የሌላው ወገን ሕሊናና ሕግ ነው።

ይህን ዐፄ ምኒልክ ከተናጋሪው በተሻለ ተረድተውት ነበር። በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛውን በሙያው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ ሲያስነግሩ፣ አዋጁን የተናገሩት ለተሰዳቢው አይደለም፤ ለተሳዳቢው ነው። ቀጥቃጩን «ተጽናና፣ ከወንድሞችህ ጋር ተረዳዳ» አላሉትም፤ ሰዳቢውን «ተው» አሉት። ከመቶ ዓመት በኋላ እኛ አዳራሽ የምንጠራው ተሰዳቢውን ነው። ሰዳቢውን የሚሰበስብ ሥልጠና መሐል ሜዳ ላይ አላየሁም።

ተናጋሪው በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ገበሬውን፣ ካህኑንና ነጋዴውን ይሰብስብልን። የየሰፈሩ ዕድር መዝገቡን አምጥቶ ከአባላቱ መካከል ስንቱ ቀጥቃጭ፣ ስንቷ ሸክላ ሠሪ እንደሆነች ጮክ ብሎ ያንብብ። ብድር የሚፈልግ ገበሬ የቡድን ዋሱ ባለ እጅ ቢሆን ምን እንደሚያስፈራው ተነሥቶ ይናገር። ወረዳውም የሸክላ አፈር የሚቆፈርበትን ቦታ ለክቶ፣ በሠሪዎቹ ማኅበር ስም መዝግቦ፣ ለገበሬው የሚሰጠውን የይዞታ ደብተር ለእነሱም ይስጣቸው። አፈሩ የራሳቸው ከሆነ ማን በየትኛው ቀን እንደሚቆፍር፣ የትኛው ጉድጓድ እንደሚያርፍ፣ ለታመመችው ማን እንደሚቆፍርላት እነሱው ይነጋገሩበታል፤ ለዚያ ከአዲስ አበባ አሠልጣኝ መጥራት አያስፈልግም።