ኮርሳዋን እንጠግናት ወይስ እንለውጣት?

በአሊ አዴና በሆልሆል ካምፖች ያላችሁ፣ እንዲሁም እንደኛው በጅቡቲ ከተማ በዋራበሌ ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ሙቀቱንና አቧራውን እንዴት ቻላችሁት? የዛሬው ዓምዳችን ስለ ብስክሌት ነው። «በዚህ ሁሉ ችግር መሀል ደሞ የምን ብስክሌት?» የሚለን አይጠፋም። ይሁን እንጂ ለብዙ ቤተሰብ ብስክሌት ማለት ለመኪና የማይከፈል ሒሳብ ነው፤ ማልዶ ሥራ ቦታ መድረስ ነው፤ ለልጅ ደግሞ ከመንደር ወጣ ብሎ ትንሽ መተንፈስ ነው።

ጥያቄው የመጣልን እዚሁ ሰፈራችን ካለ ቤተሰብ ነው። ያለቻቸው ብስክሌት ርካሽ ከሚባሉት ኮርሳዎች አንዷ ስትሆን ከኋላ 7 ማርሽ አላት። አባትየው ጠዋት ጠዋት ወደ ቀን ሥራ ይሄዱባታል፤ ልጁ ደግሞ ዓርብ ዓርብ ልምምድ ይሠራባታል። አሁን ሰንሰለቷ እየዘለለ፣ ፍሬኗም አልይዝ እያለ አስቸግሯል። አንድ ሻጭ ታዲያ «እሷን ስጡኝና ጭማሪ ከፍላችሁ ባለ 9 ማርሿን ውሰዱ» ይላቸዋል። ልጁ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ችግሩ ያለው ጭማሪው ላይ ነው፤ የሚወጣው እናትየው ከሚደርሳቸው እቁብ ነው። እሳቸው ደግሞ በዚያ ገንዘብ ጤፍ ገዝተው የእንጀራ ሽያጫቸውን ሰፋ ለማድረግ አስበው ነበር። እንግዲህ ነገሩ የብረት ብቻ እንዳልሆነ ታያላችሁ።

በመጀመሪያ በሽታዋን እንወቅ። «አርጅታለች» የሚባል ብስክሌት አብዛኛውን ጊዜ ያረጀው የሚያልቅ ዕቃው ነው፤ ሰንሰለት፣ የፍሬን ጎማ፣ የፍሬንና የማርሽ ገመድ፣ ከመናዳሪ። እነዚህ ውድ በሆነች ብስክሌት ላይም ያልቃሉ። ሰንሰለቱን በማስመሪያ መለካት ይቻላል። ሰንሰለቱን ወጠር አድርጋችሁ ማስመሪያውን ከአንዱ ፒን መሀል ጀምሩና ቀጣዮቹን 24 ፒኖች ቁጠሩ። ሰንሰለቱ አዲስ ከሆነ 24ኛው ፒን 30 ሳንቲ ሜትር ከ5 ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ ይውላል። ከዚያ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ካለፈ ሰንሰለቱ መለወጥ አለበት። ሦስት ሚሊ ሜትር ካለፈ ግን የኋላውን ጥርስም በልቶታል ማለት ነውና ሁለቱ አብረው ይለወጣሉ። አዲስ ሰንሰለት በተበላ ጥርስ ላይ ሲገባ መዝለሉን አይተውም። «አዲስ ገዛሁ፣ አሁንም ይዘላል» የሚል ሰው ምሥጢሩ እዚህ ጋ ነው።

ቀጥሎ ቴላዮዋን ተመልከቱ። በጨርቅ ጥረጉና ከመሪው ሥር፣ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት አካባቢና የኋላው ጎማ ከሚታሰርበት ቦታ በብርሃን እዩ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካለ በቀለም ብቻ አትሸፍኑት። ቴላዮው ብረት ከሆነ ጥሩ በያጅ ሊያድነው ይችላል። አሉሚኒየም ከሆነ ግን በመንገድ ዳር ብየዳ የድሮ ጥንካሬው አይመለስምና ሰው ሊወጣበት አይገባም።

የኛ አገር ባሕር ዳር እንደመሆኑ ጨው ያለው አየር ብረት ይበላል። ኮርቻውን የሚይዘውን ቱቦ በየጥቂት ወሩ አውጥታችሁ ግራሶ ቀቡት፤ አለበለዚያ ተጣብቆ ይቀራል። ሰንሰለቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና በየመጋጠሚያው ጠብታ ዘይት አድርጋችሁ የተረፈውን መልሳችሁ ጥረጉት። ዘይት ሲበዛ አቧራ ይሰበስባል፤ አቧራና ዘይት ተቀላቅሎ ደግሞ እንደ ሞረድ ነው።

አሁን «ዕቃዋን ብቻ እናሻሽል» ወደሚለው ሐሳብ እንምጣ። በርካሽ ኮርሳዎች ላይ የምናያቸው የሺማኖ ዕቃዎች ደረጃ አላቸው፤ ቱርኒ በ7፣ ክላሪስ በ8፣ ሶራ በ9፣ ቲያግራ በ10 ማርሽ ይታወቃሉ። «ባለ 7ቱን ወደ ባለ 9 እንቀይር» ማለት ሲሰሙት ቀላል ነው። ነገር ግን ባለ 9 ጥርስ ስትገዙ የማርሽ መቀየሪያው እጀታ አይገጥምም። እጀታውን ስትለውጡ ሰንሰለቱም መቅጠን አለበት። ከዚያ ደግሞ በብዙዎቹ ባለ 7 ብስክሌቶች የኋላው ጥርስ በሞዞው ላይ እንደ ብሎን የሚጠመዘዝ ዓይነት ስለሆነ አዲሱ ጥርስ አይገባበትም፤ ሙሉ የኋላ ቸርኬ ይገዛል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ሒሳቡ ሌላ ብስክሌት ይገዛል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። በትንሽ ገንዘብ ልዩነቱ የሚታወቀው ጎማና የፍሬን ጎማ ሲለወጥ ነው። ቴላዮው ቦታ ካለው ከ25 ወደ 28 ሚሊ ሜትር ጎማ መሄድ ለኮረኮንች መንገድ ይመቻል። ጎማው ከቴላዮውና ከፍሬኑ በየጎኑ 4 ሚሊ ሜትር ያህል መራቁን ግን ሳታዩ አትግዙ።

መለወጥስ መቼ ነው የሚገባው? እኛ ሦስት ምክንያት እንቀበላለን። አንደኛ፣ ቴላዮዋ ከተሰነጠቀች ወይም ከተጣመመች። ሁለተኛ፣ ልኳ ካልሆነች። ቴላዮዋን በሁለት እግር መሀል አድርጎ በጫማ ሲቆም የላይኛው ብረት የሚነካ ከሆነ ትልቅ ናት። ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ተረከዝ የታችኛው ፔዳል ላይ ሲሆን እግር ቀጥ ማለት አለበት፤ ኮርቻው እስከ ምልክቱ ተስቦም እግር የሚታጠፍ ከሆነ ትንሽ ናት። ልክ ያልሆነችን ብስክሌት የትኛውም ዕቃ አያስተካክላትም። ሦስተኛ፣ ሥራው ከተለወጠ። ጀሪካንና ከረጢት የሚጫንባት ከሆነ ኮርሳ ለዚያ አልተሠራችም፤ ወፍራም ጎማና ዕቃ መጫኛ ያላት ትሻላለች። ከነዚህ ውጪ ያለው ምክንያት ምኞት ነው። ምኞት ኃጢአት አይደለም፤ ዋጋው ግን ይታወቅ።

ሒሳቡን በወረቀት አስቀምጡት። ለምሳሌ ያህል ጥገናው 9,000 ፍራንክ ነው እንበል። ሻጩ ደግሞ የናንተን በ10,000 ተቀብሎ የሱን በ35,000 ቢሰጥ ጭማሪው 25,000 ነው። ያቺም ያገለገለች ናትና ለጎማና ለገመድ 5,000 ቢጨመር 30,000 ደረሰ። ልዩነቱ 21,000 ፍራንክ ነው። ይህ ገንዘብ ሁለት ማርሽ ያስጨምራል ወይስ ስንት ኪሎ ጤፍ? ይህን ጥያቄ ቤተሰቡ አንድ ላይ ተቀምጦ ይመልስ። ደግሞ የራሳችሁን ብስክሌት ታሪክ ታውቃላችሁ፤ የሻጩን አታውቁም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባል የለ?

ለመለወጥ የወሰነ ግን አንድ ነገር እንዳይረሳ። ብስክሌቷን ገልብጣችሁ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ሥር እዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ተመትቶ ይገኛል። ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት። ካለ ደግሞ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ዋጋውና የሻጩ ስም በወረቀት ተጽፎ ሁለት ምስክር ይፈርምበት፤ የሰጣችሁትም የራሳችሁ ብስክሌት ቁጥር አብሮ ይጻፍ። ስደተኛ ሰው «የሰው ንብረት ይዘሃል» ሲባል ቶሎ የሚያምነው ስለማያገኝ ወረቀቱ ጠበቃው ነው።

አሁን ለልጃችን አንድ ቃል። ምኞትህን አንንቅም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ብስክሌት ጋላቢዎች ነበሩበት። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የጎረቤታችን የኤርትራ ልጅ ቢኒያም ግርማይ በ2024 በዚያው ውድድር ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ወስዷል። በዚያው ዓመት በፓሪስ ኦሊምፒክ ደግሞ ከትግራይ የወጣችው እየሩ ገብሩ በስደተኞች ቡድን ስም ብስክሌት ተወዳድራለች። ስለዚህ ስደተኛ መሆን ከፔዳል አያስወርድም። ነገር ግን ከ7 ወደ 9 ማርሽ መሄድ ጉልበት አይጨምርም፤ በመካከል ያሉትን ደረጃዎች ያቀራርባል እንጂ። ጉልበት የሚመጣው ፀሐይ ሳይበረታ ማልዶ በመውጣት፣ ውሃ በመያዝና ሳያቋርጡ በመልመድ ነው። በዚህችው ኮርሳ አንድ ዓመት ሳታቋርጥ ከሠራህ ያኔ የምትጠይቀው ጭማሪ መሠረት ይኖረዋል።

በመጨረሻም ብዙዎቻችንን የሚይዘን አንድ ሐሳብ አለ፤ «ዛሬ ነገ ፕሮሰሳችን ያልቃል፣ ምን ልጠግን?» የሚል። የጉዞ ቀን በእጁ የገባለት ሰው እውነት ነው፣ ገንዘቡን በብስክሌት አይቅበር፤ ለወገኑ ያስተላልፋት። ቀኑን ያላወቀ ግን ሰንሰለቱ እየዘለለ አይጠብቅ። አሊ አዴ ካምፕ የተከፈተው በ1991 ነው። እዚያ ተወልደው ዛሬ ልጅ ያሳደጉ አሉ። ነገ ለመሄድ ተስፋ ማድረግና ዛሬ ፍሬን ማጥበቅ አይጣሉም። ፍሬን የማይዝ ብስክሌት ቁልቁለት ላይ ፕሮሰስ አይጠይቅም።

ለጠየቀን ቤተሰብ ምክራችን እንግዲህ ይህ ነው። ቴላዮዋ ደህና ከሆነችና ልጁም አባቱም ልካቸው ከሆነች ጠግኗት። ከሁሉ በፊት ፍሬኑ ዛሬ ነገ ሳይባል ይሠራ፤ አባት ሥራ የሚሄዱባት ናትና። ሰንሰለቱን ለኩና እንደ ልኩ ለውጡ። እቁቡ ለታሰበለት ለጤፉ ይዋል። እንጀራው ሲሸጥ ደግሞ ከትርፉ ትንሽ ትንሽ ለልጁ ለብቻ ይቀመጥለት፤ የት እንደደረሰም በየወሩ ይነገረው። ልጅ «አይሆንም» ከሚባል «መቼ ይሆናል» ቢባል ይጸናል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ጠግናችሁ የተጠቀማችሁ፣ ወይም ለውጣችሁ የተጸጸታችሁ ካላችሁ ጻፉልን። እስከሚቀጥለው እትም ቸር ሰንብቱ።