አጥቂው ይሄዳል፤ ደረሰኙ ግን የድሬ አይደለም

ድሬዳዋ ዋጋ የምታውቅ ከተማ ናት። ከአወዳይ የተነሣ ጫት በስንት ሰዓት ቢገባ በስንት እንደሚሸጥ፣ በጅቡቲ በኩል የመጣ ጨርቅ ታይዋን ሲደርስ ምን እንደሚያወጣ፣ ቀፊራ ላይ የረፋዱ ቲማቲም ከሰዓት በኋላ ምን ያህል እንደሚረክስ ለድሬ ነጋዴ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ይሁንና ከዚህችው ከተማ ያለ ሚዛንና ያለ ደረሰኝ የሚወጣ አንድ ሀብት አለ። እርሱም ጎል ማግባት የሚችል የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ነው።

ሰው እንደ ሸቀጥ አይቆጠርም የሚል አንባቢ ይኖራል፤ እውነቱን ነው። በእግር ኳስ ገበያ የሚሸጠው የተጫዋቹ ውል ነው። ውል የሌለው ክለብ የሚሸጠው የለውም፤ መዝገብ የሌላት ከተማም ድርሻዬን ብላ የምትጠይቅበት ወረቀት የላትም። የድሬዳዋ ኪሳራ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከፋብሪካ ደመወዝ ወደ አስተዳደር በጀት

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1965 በነበሩት ስድስት ዓመታት የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ዋንጫ ከድሬዳዋ አልወጣም። አራቱን፣ ማለትም የ1960፣ የ1962፣ የ1963 እና የ1965ን፣ የጥጥ ፋብሪካው ክለብ ሲወስድ የ1961 እና የ1964ን ኢትዮ ሲሚንቶ ወስዷል። ጥጥ ፋብሪካ በ1983ም ደግሞታል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ የቡድኑ አምበል የነበረው ሉቻኖ ቫሳሎ አስመራ ተወልዶ በጥጥ ፋብሪካው ማልያ ስሙን ያስጠራ ተጫዋች ነው። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ሀገሪቱ 10ኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ስታስተናግድ ናይጄሪያ፣ ዛየር፣ ሱዳንና ሞሮኮ የተመደቡበት ምድብ ጨዋታውን ያደረገው እዚሁ ድሬዳዋ ነበር። ዋንጫውን ይዞ የሄደውም ከዚሁ ምድብ የወጣው የሞሮኮ ቡድን ነው።

የዚያን ዘመን ጥንካሬ የፈጠረው ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ የሥራ ገበያው ነው። የፋብሪካ ክለብ ተጫዋች በፋብሪካው መዝገብ ሠራተኛ ነበር። እግሩ ቢሰበር ወይም ዕድሜው ቢገፋ የሚመለስበት ማሽን ይጠብቀዋል። በኤኮኖሚክስ ቋንቋ የተጫዋቹን የሙያ አደጋ የተሸከመው ፋብሪካው ነበር ማለት ነው። ስለዚህ አባት ልጁን ለኳስ ሲለቅ እንጀራውን አብሮ አይለቅም።

ዛሬ በፋብሪካው ቦታ የተተካው የከተማው አስተዳደር ነው። ድሬዳዋ ከተማ እግር ኳስ ክለብ የሚኖረው በዋናነት ከሕዝብ ካዝና በሚመደብለት ገንዘብ ሲሆን፣ የክለቡም ባሕርይ የበጀት መሥሪያ ቤት ባሕርይ ሆኗል። በጀት በዓመቱ መጨረሻ ያልቃል፤ ውልም አብሮት ያልቃል። በክረምቱ የዝውውር ወራት ሌላ ቦታ የበሰለ አጥቂ በፊርማ ገንዘብ ይመጣል፣ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይጫወታል፣ ውሉ ሲያበቃ ቦርሳውን አንሥቶ ይሄዳል። ክለቡ ለመጣበት ከፍሏል፤ ለሄደበት ግን አንድ ሳንቲም አያገኝም። ይህ ወጪ በየዓመቱ እንደሚነድ ነዳጅ ነው፤ ካፒታል ሆኖ አይከማችም።

ጥፋቱን በአሠልጣኙ ላይ መደፍደፍ ቀላል ነው። ነገር ግን በጥቂት ተከታታይ ሽንፈት ሊሰናበት የሚችል ሰው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አሰልፎ እስኪበስል ይጠብቃል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። አሠልጣኙ የሚሠራው በተቀጠረበት ደንብ መሠረት ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ልጅ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይከርማል፤ ሁለት ዓመት ከከረመም ገበያ እንዳመለጠው ጫት ዋጋው ይወርዳል።

በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ መስማማታቸው ይታወሳል። የተጫዋች ዋጋ ከአቅም በላይ ወጥቷል የሚለው ስጋት ተገቢ ነበር። ዳሩ ግን በደርግ ጊዜ በእህል ላይ የተጣለውን ተመን የሚያስታውስ ሰው የጣሪያን ነገር ያውቀዋል። ተመን ጤፍ አላበዛም፤ አጥቂም አያበዛም። ዋጋ የሚረጋጋው ጥሩ ጎል አግቢ በብዛት ሲመረት ብቻ ነው።

የጎል አግቢ ዕድሜ

የአጥቂ ሙያ አጭር ነው። የሀገራችንን የሊግ ክብረ ወሰን ባለቤቶች እንውሰድ። በ1993 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ዮርዳኖስ ዓባይ ለመብራት ኃይል 24 ጎል አገባ። ክብረ ወሰኑ 16 ዓመት ቆይቶ በ2009 ዓ.ም. የደደቢቱ ጌታነህ ከበደ 25 አድርሶ ሰበረው። አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2013 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በ29 ጎል አለፈው። የዚያ ዓመት የሊጉ ጨዋታዎች ከፊሉ የተካሄዱት በድሬዳዋ ስቴዲየም ስለነበር የድሬ ሕዝብም ወጣቱን በዓይኑ አይቶታል።

ሦስቱም ከሀገር ወጥተው ተጫውተዋል። ዮርዳኖስ ወደ የመን ሄደ፤ በኋላም ተመልሶ ድሬዳዋ ከተማን አሠልጥኗል። ጌታነህ እ.ኤ.አ. በ2013 የደቡብ አፍሪካውን ቢድቬስት ዊትስ ተቀላቀለ። አቡበከር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተዛወረ። እዚያ ሲደርስ ገና የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ጉዳት ለረጅም ጊዜ ከሜዳ አራቀው። ትምህርቱ ግልጽ ነው። የአጥቂ ዋጋ ጫፍ የሚደርሰው በሃያዎቹ መጀመሪያ ሲሆን አንድ ክፉ ግጭት ሊያወርደው ይችላል። ያን ጊዜ በእጁ ውል ያለው ክለብ ይደራደራል፤ የሌለው መልካም ዕድል ብሎ ይሸኛል።

የባዝል ሒሳብ

አሁን ወደ ስዊዘርላንድ እንሻገር። የባዝል ከተማ ነዋሪ 200 ሺህ አይሞላም። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ የድሬዳዋ ከተማ ነዋሪ ከ230 ሺህ በላይ እንደነበር ስናስታውስ ባዝል በሰው ብዛት ከድሬ ታንሳለች። ይህች ከተማ ግን ጎል አግቢ አሳድጋ በመሸጥ ትታወቃለች። ብሬል ኤምቦሎ እ.ኤ.አ. በ1997 ያውንዴ ተወልዶ በልጅነቱ ባዝል ገባ። ኖርድሽተርንና ኦልድ ቦይስ በተባሉ አነስተኛ የከተማዋ ክለቦች ኳስ ከተማረ በኋላ በ13 ዓመቱ ትልቁ ክለብ ኤፍሲ ባዝል ወሰደው፤ በ17 ዓመቱ ዋናው ቡድን ገባ፤ በ19 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ለጀርመኑ ሻልከ ተሸጠ። ዋጋው ከ20 ሚሊዮን ዩሮ በላይ እንደነበር በጊዜው ተዘግቧል።

ለድሬዳዋ ትልቁ ቁም ነገር ኤፍሲ ባዝል ያገኘው ገንዘብ አይደለም። ትልቁ ቁም ነገር የትንንሾቹ ክለቦች መብት ነው። በፊፋ ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከአንድ ሀገር ወደ ሌላ ሀገር ሲሸጥ ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው ዕድሜ በየዓመቱ 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው በየዓመቱ 0.5 በመቶ ይታሰባል። በ20 ሚሊዮን ዩሮ ሽያጭ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ለአንድ ዓመት ያሠለጠነ የሰፈር ክለብ 50 ሺህ ዩሮ ይደርሰዋል ማለት ነው።

ሒሳቡን ወደ ድሬ እናምጣው። የሳቢያን ወይም የለገሃሬ ልጅ ከ12 እስከ 18 ዓመቱ በአንድ የድሬዳዋ ክለብ ተመዝግቦ ቢያድግና ኋላ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ከሀገር ሀገር ቢሸጥ፣ አራቱ ዓመታት 1 በመቶ፣ ሦስቱ ዓመታት 1.5 በመቶ፣ በድምሩ 2.5 በመቶ ይሆናል። ይህም 25 ሺህ ዶላር ነው። ልጁ እንደገና ወደ ሌላ ሀገር በተሸጠ ቁጥር ድርሻው እንደገና ይታሰባል። ከዚህ ሌላ ልጁ በውጭ ሀገር የመጀመሪያውን የፕሮፌሽናል ውል ሲፈርም አሳዳጊው የሥልጠና ካሳ የመጠየቅ መብት አለው። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ያስጀመረው የክፍያ ማዕከልም የእነዚህን ክፍያዎች ሒሳብ ከተጫዋቹ የምዝገባ ታሪክ ተነሥቶ ይሠራል።

ሆኖም ቅድመ ሁኔታ አለው። ክለቡ የፌዴሬሽን አባል መሆን፣ ልጁም በስሙ መመዝገብ ይኖርበታል። ደቻቱ አሸዋ ላይ ልጆችን ሰብስቦ በራሱ ኪስ ኳስ እየገዛ የሚያሠለጥን ሰው በፊፋ መዝገብ ዘንድ የለም። ላቡን አፍስሷል፤ ወረቀት ግን አልያዘም።

ተቃውሞውና መልሱ

“የኢትዮጵያን አጥቂ በሚሊዮን ማን ይገዛል?” የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ዛሬ ገዢው ጥቂት ነው። ነገር ግን ምዝገባ የሚያስወጣው ገንዘብ ለአንድ የበሰለ አጥቂ ከሚከፈለው የፊርማ ገንዘብ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ትንሽ ወጪ አውጥቶ ትልቅ ዕድልን መጠበቅ የድሬ ነጋዴ ዕለት በዕለት የሚሠራው ሥራ ነው። “ከኳስ ይልቅ ውኃና መንገድ ይቅደም” የሚለው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። እንግዲያውስ ለኳስ መመደቡ ካልቀረ፣ ገንዘቡ በየክረምቱ ከሚነድ ይልቅ የሚመለስበት መንገድ ቢፈለግ ለውኃውም ለመንገዱም ይበጃል።

መፍትሔው አዲስ ስቴዲየም አይጠይቅም። አንደኛ፣ አስተዳደሩ ለክለቡ ከሚመድበው ገንዘብ የተወሰነው እጅ ለታዳጊዎች ብቻ እንዲውል በደንብ ይታሰር፤ አሠልጣኙም የሚመዘነው በነጥብ ብቻ ሳይሆን ባሰለፋቸው የከተማው ልጆች ጭምር ይሁን። ሁለተኛ፣ የየሰፈሩ የታዳጊ ፕሮጀክቶች በፌዴሬሽኑ ሥር እንደ ክለብ ይመዝገቡ፤ ልጆቹም ከ12 ዓመታቸው ጀምሮ ከትክክለኛ የልደት ማስረጃ ጋር መዝገብ ይግቡ። ዕድሜ ቀንሶ ማስመዝገብ ለአንድ ውድድር ቢጠቅም ነገ መዝገቡን በሙሉ ዋጋ ያሳጣል። ሦስተኛ፣ ተስፋ የሚጣልበት ወጣት የበርካታ ዓመታት ውል ይፈርም። ፊፋ ከ18 ዓመት በታች ላለ ተጫዋች እስከ ሦስት ዓመት፣ ከዚያ በላይ ላለ እስከ አምስት ዓመት ይፈቅዳል።

አራተኛውና ዋነኛው የልጁ ጉዳይ ነው። ረጅም ውል ክለቡን ብቻ ከጠቀመ ወጣቱን ማሰሪያ ገመድ ይሆናል። ስለዚህ በውሉ ላይ የደመወዝ ጭማሪ በዓመት በዓመቱ ይጻፍ፣ ከሽያጩም ድርሻው ይታወቅ፣ ለጉዳት ሕክምናና መድን ይኑረው፣ ትምህርቱን ወይም የእጅ ሙያውን እንዳያቋርጥ ክለቡ ይገደድ። ኳስ ከጀመሩት ልጆች አብዛኛዎቹ ተጫዋች ሆነው አይኖሩም። የጥጥ ፋብሪካው ዘመን ይህን ያውቅ ስለነበር ለተጫዋቹ ሥራ ሰጠው። የዛሬው ክለብ ማሽን የለውም፤ ትምህርት ቤት ግን ድሬ ሞልቷል።

የውጭውም የሀገር ውስጡም ገበያ የድሬዳዋን ልጆች መውሰዱን አይተውም፤ መተውም የለበትም። ጥሩ አጥቂ ሰፊ ሜዳ ይገባዋል። ጥያቄው ሲሄድ ለእርሱም፣ ላሳደገውም ሰፈር ምን ይቀራል የሚለው ነው። ሸቀጥ ያለ ደረሰኝ ሲያልፍ ኬላ የሚዘረጋ አስተዳደር፣ ለገዛ ልጆቹ አንድ መዝገብ መክፈት ሊያቅተው አይገባም።