ከመመዝገብዎ በፊት



ይህ እትም በአሜሪካ የሜዲካል አሲስታንት ሥልጠና ላይ ያተኩራል። ብዙ ወገኖቻችን ሙያውን ከነርስ ረዳትነት ጋር ያምታቱታል። የነርስ ረዳት ሥልጠና በፌዴራል ሕግ ዝቅተኛው 75 ሰዓት ነው፤ ይህኛው ግን ወራት ይፈጃል። ዕውቅና ባላቸው ትምህርት ቤቶች ከክፍል ትምህርቱ ሌላ ቢያንስ 160 ሰዓት ክሊኒክ ውስጥ መለማመድ ግዴታ ነው። በፈረቃ እየሠሩ ለሚማሩ ይህ ቀላል አይደለም፤ አስቀድመው ያቅዱበት።

ልጆቻችን ወደዚህ ሙያ እንዲገቡ የምንጓጓው ለደመወዙ ብቻ አይደለም። እናቶቻችን ክሊኒክ ገብተው ሲጠየቁ መጀመሪያ የሚሉት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ነው፤ ሕመሙ የሚነገረው ዘግይቶ ነው። የደም ግፊት የምትለካው ልጅ ይህን ካወቀች ቅጹን ቶሎ አትዘጋም፤ ደግማ ትጠይቃለች። ሐኪሙ ከመግባቱ በፊት ያለችው ያቺ አጭር ጊዜ ብዙ ነገር ትወስናለች ብዬ አምናለሁ።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ግን ሥልጠናው ካሄፕ (CAAHEP) ወይም ኤቢሄስ (ABHES) ከተባሉት ዕውቅና ሰጪ ድርጅቶች የአንዱ ዕውቅና እንዳለው ያጣሩ። ለሲኤምኤ (CMA)፣ ማለትም ለሜዲካል አሲስታንት የሙያ ማረጋገጫ፣ ፈተና ለመቀመጥ ዋናው መንገድ ይህ ነው፤ የማስታወቂያ ውበት አይተካውም።

በሙያው ያላችሁ እኅቶችና ወንድሞች፣ ለጀማሪዎች የሚጠቅመውን ጻፉልን።

አዘጋጁ