ጠግቤ ነው የቀነስኩት

«ቦርጭ ደህና ሰንብት! በ10 ቀን 7 ኪሎ!» የሚለውን የቴሌግራም ማስታወቂያ ለታናሽ እህቴ ፎርዋርድ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ የዛሬው ጽሑፌ ሌላ ሰው ላይ ጣት መቀሰር እንዳይመስልብኝ። ያኔ 91 ኪሎ ነበርኩ። የጫማዬን ክር ለማሰር ጎንበስ ስል ትንፋሼ ይቆራረጣል። አባታችን ስኳር በሽታ አለበት፤ ሐኪሙም «ልጆቹም ክብደታችሁን ተጠንቀቁ» ብሎናል። እህቴ ግን የሚያስጨንቅ ውፍረት አልነበራትም። ዩኒቨርሲቲ በገባች በዓመቱ ትንሽ ጨመረች፣ በቃ። ቲክቶክ ላይ የምትከተላቸውን ልጆች ወገብ አይታ መስታወት ፊት ስትቆም ግን ትናደዳለች። ሻዩን በጋራ ገዛነው። አንዱ ፓኬት 2,400 ብር።

ትእዛዙ አጭር ነው፦ ሻዩ ጠዋትና ማታ፣ ምሳ አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ እራት የለም። እንጀራ «መርዝ» ነው ተባልን። ሙዝም ማንጎም «ስኳር ስለሆነ» ክልክል። እኔ በአራተኛው ቀን የሥራ ባልደረባዬ ሽሮ እየተንተከተከ ሲመጣ ተሸነፍኩ። እህቴ ከእኔ ትጠነክራለች፤ ዘጠኝ ቀን ቆየች። በዘጠነኛው ቀን የዶርም ደረጃ ላይ ወደቀች።

ክሊኒክ ስደርስ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶላታል። ሐኪሟ የሻዩን ካርቶን አገላብጣ አየችና «ሰናመኪ አለበት። የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው። የቀነስሽው ውኃ ነው እንጂ ስብ አይደለም» አለቻት። ቀጥላ «ለመሆኑ ሰሞኑን ምን በላሽ?» ስትላት እህቴ አንገቷን ደፋች። እኔም ደፋሁ።

ሰናመኪ ለሆድ ድርቀት፣ ያውም ለጥቂት ቀን የሚወሰድ የታወቀ መድኃኒት ነው። ለውፍረት ብላችሁ በየቀኑ ስትጠጡት ግን አንጀትን እያስጨነቀ ውኃና ጨው ያስወጣል፤ ከሚወጣው ውስጥ ልባችን በሥርዓት እንዲመታ የሚያስፈልገው ፖታሺየም አለበት። ሚዛን ላይ ስትወጡ ቁጥሩ ወርዷል፣ ደስ ይላችኋል። ውኃ ስትጠጡ ተመልሶ ይመጣል። ሰናመኪ ብቻ ቢሆን እንኳ ጥሩ ነበር። ሲቡትራሚን የሚባል የምግብ ፍላጎት መቀነሻ መድኃኒት ልብን ለአደጋ ስለሚያጋልጥ በ2010 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ «ተፈጥሯዊ» በሚባሉ የማቅጠኛ ምርቶች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ካርቶኑ ላይ የቅጠል ሥዕል አለ ማለት ውስጡ ቅጠል ብቻ ነው ማለት አይደለም።

ሐኪሟ እህቴን ስታሰናብት «ጠግበሽ ብዪ» ነው ያለቻት። «ግን የሳህንሽን ግማሽ አትክልት አድርጊው። ፍራፍሬ ደግሞ ብዪው እንጂ አትጠጪው።» እኔ በሆዴ «ጠግቦ እየበላ የከሳ ሰው ማን አለ?» አልኩ።

አለ ለካ። ሆድ ካሎሪ ቆጥሮ አይጠግብም፤ በአብዛኛው መሙላቱን ነው የሚያውቀው። በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባርባራ ሮልስ የተባሉ ተመራማሪ ለብዙ ዓመታት ይህንኑ ሲያጠኑ ቆይተዋል። ሰው በቀን የሚበላው የምግብ መጠን ብዙም አይለዋወጥም፤ የሚለዋወጠው እዚያ መጠን ውስጥ የታጨቀው ካሎሪ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናታቸው፣ ከምሳ በፊት ቅባት ያልበዛበት ትልቅ ሳህን ሰላጣ የበሉ ሰዎች፣ ሰላጣው ራሱ ተደምሮ፣ የምሳቸው ካሎሪ በ12 በመቶ ቀነሰ። ያው ሰላጣ በቅባትና በቺዝ ተጨማልቆ ሲቀርብ ግን በ17 በመቶ ጨመረ። አትክልት መብላት ብቻ ሳይሆን ከምን ጋር እንደምንበላው ነው ጉዳዩ።

ወደ ማጀታችን እንግባ። 100 ግራም ጥቅል ጎመን 25 ካሎሪ ገደማ አለው። ቲማቲም 18፣ ካሮት 40 ገደማ። ዘይት በ100 ግራም 880 አካባቢ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ይሆናል፤ ግማሽ ኪሎ ጥቅል ጎመን ማለት ነው። ግማሽ ኪሎ ጥቅል ጎመን በአንድ ጊዜ በልታችሁ ታውቃላችሁ? ሞክሩት፤ ቀድሞ የሚደክመው መንጋጋችሁ ነው። ዘይቱ ድስት ውስጥ ሲገባ ግን ማንም አያየውም፤ ሲወጣም አይታይም።

እኔን የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። የፈረንጅ ልጅ ኬል ፈጭቶ ሲጠጣ በቪዲዮ እያየን ምራቃችንን እንውጣለን፤ የኬል ዘመድ የሆነው የሐበሻ ጎመን ግን ቤታችን ድስት ውስጥ ተቀምጧል። ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ሰው ያለበት አገር አትክልት ማብሰልን ከማንም መማር አያስፈልገውም። ፎሶሊያ በካሮት፣ ቆስጣ፣ ቀይ ስር፣ ዱባ ወጥ፣ ቲማቲም ለብለብ፣ ስንግ፣ ኧረ ስንቱ! ታዲያ ሁዳዴን ጾሞ ፋሲካ ላይ ሱሪ የሚጠበው ሰው ለምን በዛ? አንዱ እኔ ነበርኩ። ጾሙን የምይዘው በሳምቡሳ፣ በፓስቲ፣ በድንች ጥብስና በዳቦ ነበር። ሥጋና ቅቤ ስላልነካሁ ብቻ ቀላል ነገር የበላሁ ይመስለኛል።

በያይነቱ ስታዝዙ ትሪውን እስቲ እዩት። ሽሮውና ምስሩ መሃል ላይ ተንጣሎ፣ ጎመኗ በማንኪያ ጫፍ ተጭልፋ ዳር ላይ ጣል ትደረጋለች፤ እሷም በዘይት ታብረቀርቃለች። ለጌጥ የመጣች ነው የምትመስለው። «ጎመንና ፎሶሊያ ጨምሪልኝ፣ ሽሮውን ቀንሺው» ማለት ነውር አይደለም። እኔ ቢሮዬ አጠገብ ያለችውን አስተናጋጅ መጀመሪያ ግራ አጋባኋት፤ አሁን ገና በሩን ስገባ «ያንተን ቅጠል ላምጣ?» ትለኛለች። እየሳቀችብኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ይሁን።

እማዬ ደግሞ ይህን ሁሉ ያለ ጥናት ታውቀው ነበር። ሽንኩርቱን በደረቁ ነው የምታቁላላው፤ ሲይዝባት ውኃ ጠብ እያደረገች፣ ዘይቱን መጨረሻ ላይ በማንኪያ ለክታ። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት እንዴት እንደሚበስል ያየ ሁሉ ዘዴውን ያውቀዋል። «ዘይት ሲወደድ የተማርኩት ነው፣ የእናንተን ቦርጭ አስቤ አይደለም» ትላለች። ባለ አምስት ሊትሩ ጀሪካን ቤታችን የሚቆይበት ጊዜ ረዝሟል።

እንጀራን አልተውኩም፤ ልተወውም አላስብም። ችግሩ በትሪ አብረን ስንበላ ስንት እንደጎረስኩ አለማወቄ ነበር። አሁን ሲቀርብ «በእኔ በኩል አትክልቱን አድርጉልኝ» እላለሁ፣ መጀመሪያም ከእሱ እጀምራለሁ። ሁለት የነበረው እንጀራ ራሴን ሳላስጨንቅ ወደ አንድ ወረደ።

አሁን ወደ ጁስ ቤት። የምትወዱትን ነገር ልነካ ነውና ይቅርታ። ስፕሪስ፦ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ በየተራ ተደርድሮ፣ ላዩ ላይ ቪምቶ፣ ከዚያም ሳንጠየቅ የገባበት ስኳር። እኔ ይህን ከምሳ በኋላ እንደ መጠጥ ነበር የምወስደው፤ ምግብ ነው ብዬ አስቤው አላውቅም። ሦስት ማንጎ ተቀምጦ ልጦ የሚበላ ሰው ብዙ አላየሁም፤ የሚጠጣው ግን በሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የጁስን ስኳር ከማርና ሻይ ውስጥ ከምንጨምረው ስኳር ጋር አንድ ላይ መድቦ «ቀንሱ» ይላል። ሙሉው ፍሬ ውስጥ ያለውን ስኳር ግን እዚያ ውስጥ አላስገባውም። እነ ባርባራ ሮልስም በሌላ ጥናት ከምሳ በፊት አፕል የበሉት ሰዎች የአፕል ጁስ ከጠጡት ይበልጥ እንደጠገቡና ያነሰ ምሳ እንደበሉ አይተዋል። ማኘኩም፣ ጭረቱም፣ ጊዜ መውሰዱም ሥራ አለው።

«ሙዝ ያወፍራል» የምትሉ ደግሞ፣ አንድ መካከለኛ ሙዝ 100 ካሎሪ ገደማ ነው። ሙዙን ፈርታችሁ ከሻይ ጋር የምትገምጡት ቦምቦሊኖ በእጥፍ ይበልጠዋል። አቮካዶ ብቻ ትንሽ ለየት ይላል፤ በ100 ግራም 160 ካሎሪ አለው። ጥሩ ምግብ ነው፣ ግማሿን ብሉና ግማሿን ለነገ አስቀምጡ። እንደ አባቴ ስኳር ያለበት ሰው፣ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ የፍራፍሬውን መጠን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር እንጂ ከእኔ ጽሑፍ አይውሰድ።

አንድ ሌላ ነገር፣ በጥሬው የምትበሉትን በደንብ እጠቡ። አዲስ አበባ ውስጥና ዙሪያዋ ከሚበቅለው ሰላጣና ቆስጣ ብዙው የሚጠጣው የአቃቂን ወንዝ ነው፤ ወንዙ ምን እንደተሸከመ ድልድይ ላይ ቆሞ ያየ ያውቀዋል። ቅጠላ ቅጠሉን ማብሰል፣ ጥሬውን ለሚላጡት ማለትም ለካሮት፣ ለብርቱካን፣ ለፓፓያ መተው የእኔ ምርጫ ነው።

«ይህ ሁሉ በየትኛው ገንዘብ?» የምትሉኝን አልከራከርም። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ብሉ ይላል፤ አምስት እፍኝ እንደማለት ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከመቶ አዋቂዎች ከ95 የሚበልጡት እዚያ መጠን ላይ አይደርሱም ነበር። ይህ የስንፍና ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም። ዶርም ውስጥ ምድጃ የሌላት፣ ካፌው ያቀረበላትን የምትበላ ተማሪ «ግማሽ ሳህን አትክልት» ሲሏት ከየት ታመጣለች? እህቴን ሐኪሟ ስትመክራት ይህን አሰብኩ። ዩኒቨርሲቲዎች የካፌ ሜኑ ሲያወጡ ጎመንና ካሮት በየቀኑ ቢገቡበት፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሙዝ ቢታደል የሚጠየቅ ትልቅ ነገር አይመስለኝም። የቢሮ ካፌዎችም እንደዚያው።

እስከዚያው ያለኝን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ወደ ማታ፣ ገበያው ሊበተን ሲል ጉሊት እሄዳለሁ። ያኔ መደቡ ይቀንሳል። «መርቂልኝ እንጂ እናቴ» ካልኩ ደግሞ አንድ ሁለት ቃሪያ ይወረወርልኛል። ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ስርና ዱባ ሳምንቱን ሙሉ አይበላሹም። ማንጎን በወቅቱ ካልሆነ አልነካም፤ ሙዝ ግን ከአርባ ምንጭ ዓመቱን ሙሉ ይመጣል። ቆዳው የጠቋቆረውን በቅናሽ ይሰጡኛል፣ ጣፋጩም እሱ ነው። ውድ ነው ብዬ ልማረር ስል ያ 2,400 ብር ትዝ ይለኛል። ለስንት ሳምንት ጎመን፣ ካሮትና ሙዝ ይሆን እንደነበር ጉሊት የሚሄድ ሰው ያስላው።

ከዋጋው ይልቅ እኔን የከበደኝ ዘመድ ነው። እኛ ዘንድ «ወፈርክ» ሙገሳ ነው፣ «ከሳህ» ግን ለቅሶ ሊሆን ምንም አይቀረው። አክስቴ ቤት በዓል ስሄድ «ቅጠል የምትበላው ፍየል ነህ?» ብላ በሞቴ እያለች ታጎርሰኛለች። ጉርሻ አይመለስም፤ እጎርሳለሁ፣ ከዚያ ወደ ሰላጣው እመለሳለሁ። አንድ ቀን በዓል ማንንም አላወፈረም። የሚያወፍረው የተቀረው ቀን ነው።

በአሥራ አንድ ወር 11 ኪሎ ቀንሻለሁ፤ 80 ላይ ነኝ። በወር አንድ ኪሎ ማለት ማስታወቂያ ላይ ቢወጣ ማንም የሚገዛው ቁጥር አይደለም። በእግሬ መሄድም ጀምሬያለሁ፣ ሁሉን ለጎመን አልሰጥም። መንገድ ላይ ያቆምኩባቸው፣ አንድ ወር ሙሉ ሚዛኑ ፍንክች ያላለባቸው ጊዜያትም አሉ። ርቦኝ የተኛሁበት ሌሊት ግን የለም። ጫማዬን ሳስር ትንፋሼ አይቆራረጥም።

እህቴ ባለፈው ሳምንት ለእረፍት ቤት መጥታ ነበር። ሚዛን ላይ አትወጣም፤ እኔም አልጠይቃትም። ማታ ሶፋ ላይ ፓፓያ በሎሚ እየበላች ስልኳን ወደ እኔ አዞረችው። ያው ሻይ፣ ስሙን ቀይሮ፣ ካርቶኑ አረንጓዴ ሆኖ፣ አሁን «በ14 ቀን 10 ኪሎ» ሆኗል። «ለማን ፎርዋርድ ላድርገው?» አለችኝ። ሪፖርት የሚደረግበትን አብረን ፈለግነውና ፓፓያው እስኪያልቅ ድረስ የቻልነውን ያህል ቻናል ሪፖርት አደረግን።