የቤት ኪራይ በብር ይሁን

አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ በመሆኗ በርካታ የውጭ ዜጎች ለዓመታት ይኖሩባታል። አስቤዛቸውን የሚሸምቱት፣ ታክሲ የሚሳፈሩት፣ ለቤት ሠራተኛ የሚከፍሉት በብር ነው። ቤት ሲፈልጉ ግን፣ በተለይ በቦሌና በኦልድ ኤርፖርት፣ ደላላው ዋጋ የሚጠራላቸው በዶላር ነው። ይህ ልማድ ከውጭ ዜጋው ይልቅ የከተማዋን ነዋሪ ይጎዳል ባይ ነኝ።

ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ተመን ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በወር 1,000 ዶላር የሚከራይ ቤት እንግዲህ ከ57 ሺህ ብር ተነሥቶ ከ100 ሺህ በላይ ገባ ማለት ነው። በቤቱ ላይ አንድ ክፍል አልተጨመረም፤ የጥበቃውም ደመወዝ በዚያው ልክ አላደገም። ጎረቤት ያለው አከራይ ይህን ሲያይ የራሱን ቤት በዚያው ሒሳብ ይተምናል፤ በብር ደመወዝ የሚኖረው ተከራይም ወደ ከተማዋ ዳር ይገፋል። የውጭ ዜጋ ሁሉ ዶላር ተከፋይ አለመሆኑም ይዘነጋል። በብር ደመወዝ የሚያስተምሩ መምህራን አሉ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተቀሰቀሰው ጦርነት ሸሽተው የመጡ የሱዳን ቤተሰቦችም አሉ፤ እነዚህን እንደ ዲፕሎማት ማስከፈል ግፍ ነው።

አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ስለሚያስፈልጋት ዶላር ያለው በዶላር ይክፈል የሚሉ አሉ። ችግሩ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን አይከተለውም። ተከራዩ ዶላሩን ባንክ መንዝሮ ኪራዩን በብር ቢከፍል ምንዛሪው ባንክ ይገባል፤ መድኃኒትና ነዳጅ ማስመጫም ይሆናል። በፖስታ ታሽጎ ለአከራዩ የሚሰጥ ዶላር ግን ባንክ ለመድረሱ ምንም ዋስትና የለም። የ2016ቱ ማሻሻያ ከኪራይ የሚገኝ የውጭ ምንዛሪ በባንክ ሒሳብ እንዲቀመጥ መፍቀዱን የሚጠቅሱም ይኖራሉ። ፈቃዱ ገንዘቡን ወደ ባንክ ለመሳብ የታሰበ ከሆነ አልቃወመውም፤ ኪራይን በዶላር ለመተመን ግን ማስረጃ ሊሆን አይገባም። ከሁሉ የሚከብደው የአከራዩ ስጋት ነው። ብር ዋጋው እየወረደ፣ የሕንፃ ዕቃ ከውጭ እየመጣ፣ በብር የተዋዋለ ሰው ይከስራል። ይህን ማቃለል አይገባም። ሆኖም ኪራይን በዓመት አንድ ጊዜ ከኑሮ ውድነቱ ጋር አገናዝቦ ማሻሻል ይቻላል፤ ያኔ ተከራዩም ወጪውን አስቀድሞ ያውቃል። በዶላር ሲተመን ግን በብር የሚከፈለው ተከራይ የምንዛሪውን ለውጥ በሙሉ ብቻውን ይሸከማል።

ባንኮችም የበኩላቸውን ማድረግ አለባቸው። ሒሳብ ለመክፈት የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠበቅበት የውጭ ዜጋ ፈቃዱ እስኪወጣ የሚኖረው ጥሬ ገንዘብ ይዞ ነው። የውጭ ካርድ በትልልቅ ሆቴሎችና በአንዳንድ የገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ይሠራል እንጂ ለጉሊትና ለባጃጅ አይሆንም፤ እዚያ የሚያገለግለው እንደ ቴሌብር ያለ አገልግሎት ወይም የእጅ ገንዘብ ነው። በሕጋዊ መንገድ መመንዘርና መክፈል አስቸጋሪ ሲሆንበት በየመንደሩ ወደሚመነዝሩት ይሄዳል። ስለዚህ ባንኮች ፈቃድ በመጠበቅ ላይ ላለ የውጭ ዜጋ የገንዘብ መጠኑ የተወሰነ የብር ሒሳብ እንዲከፍቱ ብሔራዊ ባንክ ይፍቀድ፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውልም፣ ተከራዩ ማንም ይሁን ማን፣ በብር ተጽፎ በባንክ እንዲከፈል ያስገድድ።