የሁለት ዓመቱ ዲግሪ ምን ያህል ያዋጣል?



ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ አባት ደውሎልን ነበር። ልጁ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሁለት ዓመት አካውንቲንግ ልትማር ነው። «ታክሲ ነድቼ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ነው፤ የወለድ ብድር አልነካም። ያዋጣኛል ወይ?» አለን።

የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንዳወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የሂሳብ መዝገብ ያዦች መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 49,210 ዶላር፣ የአካውንታንቶች ደግሞ 81,680 ዶላር ነበር። የመጀመሪያውን ሥራ ኮምፒውተር እየተሻማው ነው። ለሁለተኛው አሠሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የአራት ዓመት ዲግሪ ይጠይቃሉ።

ታዲያ የሁለት ዓመቱ ከንቱ ነውን? አይደለም። ክፍያው ከዩኒቨርሲቲ በጣም ያነሰ ነው፤ ልጅቱም ከቤቷ እየተመላለሰች ትማራለች። ግማሹን መንገድ ያለ ወለድ መጓዝ ቀላል ነገር አይደለም! እኛን ያሳሰበን ስሙ ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ «አካውንቲንግ» የተባለው ዲግሪ በቀጥታ ሥራ ለመያዝ የተዘጋጀ ነው፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመሸጋገር የተዘጋጀው «ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን» የሚባለው ነው። ይህን ሳያጣራ የተመዘገበ ተማሪ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ያልተቀበለለትን ኮርስ እንደገና ከፍሎ ይማራል። ስለዚህ የምትቀጥልበትን ዩኒቨርሲቲ አስቀድማ ትምረጥ፤ የትኞቹ ኮርሶች እንደሚያዙላትም በጽሑፍ ትጠይቅ አልነው።

አባትየው ዝም አለ። ለካስ ልጅቱ ቀድማ አጣርታ ቢዝነሱን መርጣ ኖሯል፤ እሱ ግን «አካውንቲንግ» የሚል ቃል ስላላየበት አልከፍልም ብሏት ነበር።